ሙቀቱን የምትናገር ልጅ፦ የታውንስቪሉ የብርሃን ሐውልት የጉዳይ ጥናት

ፀሐይ ጠልቃ ወበቁ ጋብ ሲል፣ በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ ግዛት የምትገኘው የታውንስቪል ከተማ ሰው ወደ ባሕሩ ዳር ይወጣል። ስትራንድ የሚባለው የእግረኛ መንገድ ርዝመቱ ከሁለት ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል፤ ዘንባባ የተተከለበት፣ ልጆች ብስክሌት የሚነዱበት፣ መንጠቆ የያዙ ሰዎች ወደ ባሕሩ በገባው ድልድይ ላይ ተደርድረው ዓሣ የሚጠብቁበት ሥፍራ ነው። በሞቃቱ ወራት መርዘኛ ጄሊፊሽ ወደ ጠረፉ ስለሚጠጋ ዋናተኛው የሚገባው በመረብ በታጠረ ውሃ ውስጥ ነው። ፊት ለፊት ማግኔቲክ ደሴት ጋራዋን አንሥታ ትታያለች። ከድልድዩ አጠገብ ደግሞ ከባሕሩ በላይ ብቅ ያለች፣ የትልቅ ቀንድ አውጣ ቅርፊት በእጇ የያዘች ልጅ ቆማለች። ቀን ቀን እንደ ማንኛውም ሐውልት ዝም ያለች ናት። ሲመሽ ሰውነቷ ይበራል፤ አንድ ቀን ሰማያዊ፣ ሌላ ቀን ቀይ።

ቀለሙን የሚመርጠው ሠዓሊ ወይም የከተማ አስተዳደር አይደለም። ከከተማዋ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በውቅያኖሱ ውስጥ፣ ዴቪስ ሪፍ በሚባል የኮራል አምባ ላይ አንድ የአየር ሁኔታ መመዝገቢያ ጣቢያ አለ። ጣቢያው የአውስትራሊያ የባሕር ሳይንስ ተቋም ነው። የውሃውን ሙቀት ይለካል፣ ልኬቱን ወደ የብስ ይልካል፤ ሐውልቷም ያንን ልኬት ተቀብላ ቀለሟን ትለውጣለች። ውሃው ሲቀዘቅዝ ወደ ሰማያዊ ትሄዳለች፣ ሲሞቅ ወደ ቀይ። ብርሃኗን የምታገኘው ከፀሐይ ኃይል ነው።

ስሟ ኦሽን ሳይረን ይባላል። ሳይረን በግሪኮች ተረት በባሕር ዳር እየዘፈነች መርከበኛውን የምትጠራ ፍጡር ናት፤ ዛሬ ደግሞ አምቡላንስ ሲያልፍ የምንሰማውን የአደጋ ጥሪ የምንጠራበት ቃል ነው። ሁለቱም ትርጉም በዚህች ልጅ ላይ ይሠራል። የቆመችው በ2019 መጨረሻ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የቀረጻት እንግሊዛዊው ጄሰን ዲኬይረስ ቴይለር ሲሆን፣ ለመልኳ አርአያ የሆነችው ከዉልጉሩካባ ሕዝብ የተወለደች የ12 ዓመት ልጅ ናት። ዉልጉሩካባ ማለት «የታንኳ ሰዎች» ማለት ነው። ማግኔቲክ ደሴትና ትይዩዋ ያለው ጠረፍ የአባቶቻቸው ምድር ነው። በእጇ ያለውም ቅርፊት ዝም ብሎ ማስጌጫ አይደለም፤ ቀድሞ ሰው ከሰው መልእክት ይለዋወጥበት የነበረ ዕቃ ነው። ቴክኖሎጂው አዲስ ቢሆንም፣ በባሕር ዳር ቆሞ ለወገን መልእክት ማስተላለፍ በዚህ ጠረፍ የቆየ ሥራ ነው።

የማይታየው ጎረቤት

ይህ ሥራ ለምን አስፈለገ ብሎ የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ ካርታ ማየት አለበት። ታላቁ ባሪየር ሪፍ በአውስትራሊያ ሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ ትይዩ 2,300 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘረጋል። አንድ ወጥ ግንብ አይደለም፤ ወደ 3,000 የሚጠጉ የተለያዩ አምባዎች ጥርቅም ነው። በ1981 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ታውንስቪል የሪፉን ሳይንስ ከያዙት ከተሞች ዋነኛዋ ናት፤ የባሕር ሳይንስ ተቋሙም ሆነ ጄምስ ኩክ ዩኒቨርሲቲ እዚያው ናቸው። ይሁን እንጂ ነዋሪዋ ከደጁ ወጥቶ ዋናውን ሪፍ አያየውም። በቅርብ ካሉት አንዱ የሆነው ጆን ብሩወር ሪፍ እንኳ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ በጀልባ ተሳፍሮ፣ ከዚያም ውሃ ውስጥ ጠልቆ የሚታይ ነው። ከተማዋ ስሟ ከሪፉ ጋር ይነሣል፤ አብዛኛው ሰው ግን ሪፉን የሚያውቀው እኛ እንደምናውቀው ነው፣ በቴሌቪዥን።

ጎርፍ ሲመጣ ሰው ያያል። በ2019 መጀመሪያ ታውንስቪል ላይ በ10 ቀን ውስጥ ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ወርዶ ነበር፤ አዲስ አበባ በዓመት ከምታገኘው ብዙም የማያንስ ውሃ ማለት ነው። ቤቶች ተጥለቀለቁ፣ ሰው በጀልባ ወጣ፣ ስለዚያ ለማሳመን ሐውልት አላስፈለገም። የባሕር ሙቀት ግን እንዲህ አይደለም። በ29 ዲግሪና በ30 ዲግሪ ውሃ መካከል ያለውን ልዩነት ለዋናተኛ ብትጠይቁት አይነግራችሁም፤ ሁለቱም ደስ የሚል ሙቅ ውሃ ነው። ለኮራል ግን ያቺ አንድ ዲግሪ የመኖርና የመሞት ጉዳይ ናት።

አንዲት ዲግሪ

ኮራል ሲያዩት ተክል ወይም ድንጋይ ይመስላል፤ እንስሳ ነው። ፖሊፕ የሚባለው አንዱ ነጠላ እንስሳ በብዙዎቹ ዝርያዎች ከጤፍ ቅንጣት ብዙም አይበልጥም። ከታች የኖራ ዐፅም እየሠራ፣ በላዩ ተቀምጦ፣ ከሺዎች ወንድሞቹ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዞ ይኖራል። የዚህ ሁሉ አምባ ገንቢ እሱ ነው። ሥጋው በመስታወት በኩል እንደሚታይ ዓይነት ብርሃን አሳላፊ ነው። ቀለሙን የሚሰጡት በሥጋው ውስጥ የሚኖሩ፣ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ናቸው። አልጌዎቹ የፀሐይ ብርሃን ተጠቅመው ስኳር ይሠራሉ፤ ኮራሉ ከሚያስፈልገው ጉልበት እስከ 90 በመቶ የሚሆነውን ከእነሱ ያገኛል። እሱ ደግሞ መጠለያ ይሰጣቸዋል።

ውሃው ከመጠን በላይ ሲሞቅ ይህ አብሮ መኖር ይናጋል። አልጌዎቹ በሙቀቱ ሥራቸው ተዛብቶ ለኮራሉ መርዝ የሚሆን የኦክስጅን ውሕድ ማመንጨት ይጀምራሉ። ኮራሉም ከሥጋው ያስወጣቸዋል። ያን ጊዜ በጠራው ሥጋ ውስጥ ነጩ ዐፅም ፍንትው ብሎ ይታያል። ሳይንቲስቶቹ የኮራል መንጣት የሚሉት ይህን ነው። የነጣ ኮራል ወዲያው የሞተ አይደለም፤ የተራበ ነው። ሙቀቱ ቶሎ ከበረደ አልጌዎቹ ይመለሱና ሊያገግም ይችላል። ካልበረደ ይሞታል፤ በዐፅሙም ላይ ሌላ ዓይነት አልጌ ይበቅልበታል።

እዚህ ላይ አንባቢ እንዲይዝልኝ የምፈልገው አንድ ነገር አለ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። ኮራልን የሚገድለው የአንድ ቀን ሙቀት አይደለም፤ የሙቀት ድምር ነው። በተለመደው የዓመቱ ሞቃት ወር ከሚደረስበት ሙቀት አንድ ዲግሪ ከፍ ብሎ አራት ሳምንት ከቆየ መንጣት ይጠበቃል። ስምንት ሳምንት ከቆየ፣ ወይም ሁለት ዲግሪ ከፍ ብሎ አራት ሳምንት ከቆየ፣ ብዙ ኮራል ይሞታል። በሳተላይት የሚከታተሉት ባለሙያዎች የሚያሰሉት ይህን የዲግሪና የሳምንት ብዜት ነው።

የ2016ቱ መንጣት ለእኛም ባዕድ ያልሆነ ታሪክ አለው። በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ የተነሣው የ2015 እና 2016 ኤል ኒኞ፣ በየዓመቱ እየጨመረ ከመጣው የምድር ሙቀት ጋር ተደምሮ፣ የሪፉን ሰሜናዊ ክፍል አነደደው። ያው ኤል ኒኞ በኢትዮጵያ የክረምቱን ዝናብ አስቀረ፤ 10.2 ሚሊዮን ሰው የዕለት ምግብ ርዳታ የፈለገበት ያ ድርቅ የዚሁ የውሃ መሞቅ ሌላ ፊት ነበር። እኔ የደጋ ልጅ ነኝ፤ ኮራል ከሞተ ለወሎና ለአፋር ገበሬና አርብቶ አደር ምኑ ነው የሚል ጥያቄ ከራሴም አፍ ወጥቶ ያውቃል። መልሱ ቀላል ሆኖ አገኘሁት፤ የአፋሩን ከብትና የኩዊንስላንዱን ኮራል በአንድ ዓመት ያጠፋው አንድ ውቅያኖስ ነው።

ሐውልቷ በቆመች በወራት ውስጥ

ኦሽን ሳይረን ስትበራ ሪፉ በ2016 እና በ2017 ተከታትለው ከመጡ ሁለት ታላላቅ መንጣቶች ገና አላገገመም ነበር። ከዚያ በፊት በ1998 እና በ2002 ደርሶበታል። ሐውልቷ በቆመች በሁለት ወሯ፣ በፌብሩዋሪ 2020፣ ምዝገባ ከተጀመረበት ከ1900 ወዲህ በሪፉ ላይ ከፍተኛው ወርኃዊ የባሕር ወለል ሙቀት ተመዘገበ፤ ሦስተኛው ታላቅ መንጣት በአምስት ዓመት ውስጥ ደረሰ። በ2022 እንደገና መጣ፤ ይህኛው ባለሙያዎቹን በተለይ ያስደነገጠው ባሕሩ ቀዝቀዝ ይላል ተብሎ በሚጠበቅበት በላ ኒኛ ዓመት በመድረሱ ነው። በአውሮፕላን ከተቃኙት 719 አምባዎች 91 በመቶው የመንጣት ምልክት ታይቶባቸዋል። በ2024 ደግሞ ሌላ።

በዚህ መካከል ሳላነሣው የማላልፈው ነገር አለ። በዚችው ከተማ አዳኒ የተባለው የሕንድ ኩባንያ የማዕድን ክፍል በ2017 የክልል ዋና ጽሕፈት ቤቱን ከፍቶ ነበር። የካርማይክል የድንጋይ ከሰል ማዕድኑ ከግዛቱ መንግሥት የመጨረሻውን ፈቃድ ያገኘው በ2019 አጋማሽ ነው፤ ሐውልቷ የቆመችው በዚያው ዓመት መጨረሻ። ከሰሉ የሚጫነው ከታውንስቪል በስተደቡብ፣ በዚሁ በሪፉ ጠረፍ ከሚገኘው የአቦት ፖይንት ወደብ ነው። ሲቃጠል የሚለቀው ጋዝ ባሕሩን ያሞቃል፤ ልጅቷም ትቀላለች። ይህን የምለው የከተማዋን ሰው ለመክሰስ አይደለም። በ2016 የኒኬል ማጣሪያው ሲዘጋ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከሥራ ወጥተዋል፤ ማዕድኑን በተስፋ የጠበቀ ሠራተኛም፣ ሐውልቷ ቱሪስት ታመጣለች ብሎ የጠበቀ የሆቴል ባለቤትም የሚበላው እንጀራ ነው የፈለገው። ግን ሁለቱ ነገሮች በአንድ ከተማ፣ በአንድ ዓመት መቆማቸው የዚህ ጉዳይ እምብርት ነው። ሐውልቷ የተተከለችው በአንድ ሙዚየም አዳራሽ፣ ለሚስማሙ ሰዎች ቢሆን ኖሮ ይህ ፍጥጫ ባልኖረ ነበር። አደባባይ ላይ በመሆኗ ሁለቱም ወገን በማታ ሽርሽሩ ያልፋታል።

ከውሃው በታች ያሉት

ኦሽን ሳይረን ብቻዋን አይደለችም፤ የውሃ ውስጥ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የሚባለው ሥራ ከውሃ በላይ ያለች ምልክቱ ናት። ቴይለር በዚህ ሥራ የታወቀው ቀደም ብሎ ነው። በ2006 በካሪቢያኗ ደሴት በግሬናዳ፣ ሞሊኒየር በሚባል የባሕር ወሽመጥ፣ የመጀመሪያውን የውሃ ውስጥ የሐውልት መናፈሻ ሠራ፤ ቀጥሎ በሜክሲኮዋ ካንኩን በመቶዎች የሚቆጠሩ የሰው ሐውልቶችን አሰጠመ። የካንኩኑ ሐሳብ ጠላቂ ቱሪስት የተፈጥሮ ኮራሉን እየረገጠ ከሚያጠፋ ወደ ሐውልቶቹ ይሂድ የሚል ነበር፤ ብልህ ሐሳብ ነው።

በጆን ብሩወር ሪፍ ደግሞ፣ በ18 ሜትር ጥልቀት ላይ፣ የኮራል ችግኝ ቤት የሚባል ሕንፃ አቆመ። ክብደቱ 165 ቶን ያህል ነው፤ በጊነስ መዝገብ በዓለም ትልቁ የውሃ ውስጥ የጥበብ ሕንፃ ተብሎ ተመዝግቧል። ለባሕር ሕይወት ጎጂ እንዳይሆን ተደርጎ ከተቀመመ ሲሚንቶና ከማይዝግ ብረት የተሠራ ነው። ጣራው እንደ ጎጆ ሾጣጣ ነው፣ ግድግዳው ክፍት ነው፤ ማዕበል ሲመጣ ከመጋፈጥ ይልቅ አሳልፎ እንዲለቅ ታስቦ። ውስጡ በአካባቢው ተማሪዎች አምሳል የተቀረጹ ልጆች አሉ፤ አንዳንዶቹ ጎንበስ ብለው እንደ አትክልተኛ ይሠራሉ። ዓሣ በመካከላቸው ይመላለሳል።

በ2023 የተጨመሩት ስምንት ሐውልቶች ከሁሉም ይበልጥ ልቤን ነክተውታል። ስማቸው የውቅያኖስ ዘበኞች ነው፤ ገጻቸው የሰው፣ አካላቸው የባሕር ፍጥረት ነው። ከእነሱ መካከል በ1928 እና 1929 የሪፉን የመጀመሪያ ታላቅ ሳይንሳዊ ጉዞ የመሩት ሰር ቻርለስ ሞሪስ ዮንግ፣ የኮራል ዝርያዎችን በመለየት ዕድሜያቸውን ያሳለፉት ቻርሊ ቬሮን፣ የሥነ ምህዳር ተመራማሪዋ ካታሪና ፋብሪሺየስ፣ ፒተር ሃሪሰንም አሉበት። የሃሪሰን ነገር ለዚህ ከተማ የቅርብ ነው። በ1981 እሱና ሌሎች የጄምስ ኩክ ዩኒቨርሲቲ ወጣት ተመራማሪዎች በሌሊት ጠልቀው ብዙ ዝርያ ያላቸው ኮራሎች ከሙሉ ጨረቃ በኋላ በአንድ ጊዜ ዘራቸውን ወደ ውሃው ሲለቁ አዩ። ባሕሩ ሐምራዊና ቀላ ያሉ ጥቃቅን እንክብሎች የተበተኑበት ሆነ፤ የተገለበጠ በረዶ እንደሚዘንብ ያህል፣ ከታች ወደ ላይ። እስከዚያ ድረስ ሳይንስ ይህን አያውቅም ነበር። ያ የሆነው በማግኔቲክ ደሴት ነው፤ ከስትራንድ ፊት ለፊት በምትታየው።

የባሕር ሳይንቲስት ሐውልት የሚቆምለት ሰው አይደለም። ሐውልት በአብዛኛው የጦር መሪና የመንግሥት ሰው ነው፣ በፈረስ ላይ፣ በከተማ መሐል። ስለ ኮራል ሲጽፍ ዐይኑ የደከመ ሰው ከሚወደው እንስሳ ጋር አካል ለአካል ተዋህዶ በሪፉ ላይ መቆሙ ትክክለኛ ክብር ነው፤ ኮራልም ይለብሰዋል፣ ስፖንጅም ይጎራበተዋል።

እነዚህ ሐውልቶች ሪፉን ያድኑታል ወይ ብሎ የሚሟገት አለ፤ ሙግቱ ተገቢ ነው። አንድ ሕንፃ በ2,300 ኪሎ ሜትር ላይ ምንም ነው። ሲሚንቶ ላይ የበቀለ ኮራልም ውሃው ሲሞቅ እንደ ሌላው ይነጣል። አድናቂዎቹ «ሪፍ እንገነባለን» ሲሉ ቃሉን አብዝተውታል እላለሁ። የሕንፃው እውነተኛ ጥቅም ሰው ወደ ውሃው ወርዶ እንዲያይ ምክንያት መሆኑ ነው፤ ያም ጥቅም የሚደርሰው ጀልባ ለመሳፈርና ለመጥለቅ ገንዘብና ድፍረት ላለው ነው። ለዚህ ነው ከሁሉም የስትራንዷን ልጅ የማስቀድመው። እሷን ለማየት ትኬት አያስፈልግም።

የጎደላት

አሁን ቀደም ሲል ያዙልኝ ወዳልኩት ልመለስ። ልጅቷ የምትናገረው የውሃውን ወቅታዊ ሙቀት ነው። ኮራሉ የሚሞተው በድምር ነው። ስለዚህ አንድ ቀን ደማቅ ቀይ ሆና ብትታይ ነፋስ የለሽ ትኩስ ቀን ብቻ ሊሆን ይችላል፤ በማግሥቱ ደመና ቢመጣ ጉዳት ሳይደርስ ያልፋል። በተቃራኒው ስድስተኛ ሳምንቱን የያዘ፣ ሪፉን እየጨረሰ ያለ ሙቀት ከመጀመሪያው ቀን ሙቀት ጋር በቀለም አይለይም። ሁለቱንም ማታ ያየ አላፊ አግዳሚ ያው ቀይ ነው ያየው። ዓይን ደግሞ ቀይን ይለምዳል።

በስኮትላንድ በኖርዝ ዩስት ደሴት፣ ሎክማዲ በሚባል መንደር፣ ፔካ ኒቲቪርታና ቲሞ አሆ የተባሉ ሁለት የፊንላንድ ሠዓሊዎች በ2018 የሠሩት ሥራ ይህን ችግር በሌላ መንገድ ይዞታል። በአንድ የባሕር ዳር የጥበብ ማዕከል ዙሪያ፣ በቤቶቹ ግድግዳ ላይ፣ የመጪው ዘመን የባሕር ከፍታ የት እንደሚደርስ የሚያሳይ የነጭ ብርሃን መስመር አሰመሩ፤ ባሕሩ በሞገዱ ወደ የብስ ሲሞላ መስመሩ ይበራል። ያ ሥራ ገና ያልመጣውን ያሳያል። የታውንስቪሏ የዛሬን። ያለፉትን ሳምንታት የሚቆጥር ግን አንዳቸውም አይደሉም።

መፍትሔው ከባድ አይመስለኝም። የሙቀቱ ድምር በየዕለቱ የሚሰላ፣ ለሕዝብ ክፍት የሆነ ቁጥር ነው። ልጅቷ የቀኑን ሙቀት በሰውነቷ ብትናገርም፣ በያዘችው ቅርፊት ውስጥ ደግሞ የተከማቸው ይታይ፤ አራት ሳምንት ሲሞላ አንድ ብርሃን ይብራ፣ ስምንት ሲሞላ ሌላ፣ ባሕሩ ቢበርድም ቶሎ አይጥፋ። ቅርፊቱ የመልእክት ዕቃ ነው ተብሏል፤ መልእክቱ እንግዲህ ይህ ነው።

የባሕር ሳይንስ ተቋሙ በ2025 ባወጣው የክትትል ሪፖርት፣ ከታውንስቪል ትይዩ ባለው የሪፉ መካከለኛ ክፍል ጠንካራው ኮራል የሚሸፍነው ወለል በአንድ ዓመት ከ33.2 በመቶ ወደ 28.6 በመቶ ወርዷል። በሰሜንና በደቡብ ደግሞ ክትትሉ ከተጀመረ ከ39 ዓመት ወዲህ ትልቁ የአንድ ዓመት መቀነስ ተመዝግቧል። የ2024ቱ ሙቀት ዋነኛው ምክንያት ነው፤ አውሎ ነፋስና ኮራል የሚበላው ባለ እሾህ ኮከብ ዓሣም ድርሻ አላቸው። እንዲህ ያለ ቁጥር የሚታወቀው ሙቀቱ ካለፈ ከብዙ ወራት በኋላ ነው፤ ጠላቂዎች አምባ በአምባ እየዞሩ ከቆጠሩ በኋላ።

ሞቃቱ ወራት አልፎ ነፋሱ ሲነሣ በዴቪስ ሪፍ ያለው መለኪያ ዝቅ ይላል። በስትራንድ ልጅቷ ትበርዳለች፣ ቀይዋ ለቅቋት ወደ ሰማያዊ ትመለሳለች። የዋናተኞቹ መረብ ይነሣል። በዚያ ምሽት፣ ሰባ ኪሎ ሜትር ወዲያ፣ የነጡት ኮራሎች ገና አልጌያቸው ሳይመለስላቸው በጨለማው ውስጥ ነጭ ሆነው ተቀምጠዋል።